ዘር

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በክላክስቪክ ወደብ፣
ማዕበል የበጠሰው መብራት ተመለሰ፤
በሳልሞን በረቶች፣ በባሕሩ ገደብ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሣጥን ዓይኑን አበሰ።

በያንዳንዱ ሣጥን ጥፍር የምታክል አንጎል አለች፤
የውሃውን ሙቀት፣ የኦክስጅኑን ልክ ትቆጥራለች፣
የቆጠረችውን በምሥጢር ቁልፍ ዘግታ ትልካለች።
ቁልፉን ግን ማን ይሰጣታል?
ራሷ ናት የምታወጣው፣ እንደ ዕጣ፣
ከነቃች በኋላ፣ ከመናገሯ በፊት፣
ማንም ከማይገምተው ቁጥር።

ስትነቃ ግን ምን አላት?
ትናንት የላት፤ ሰዓቷ ከዜሮ ይነሣል፤
ጣት አልነካት፣ ሰው አላናገራት።
የምታውቀው የተጻፈባትን ነው፣
በእኅቷም ላይ የተጻፈው ያው ነው።
እናም ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ
ባንድ ቅጽበት አሰቡ፣
ባንድ ቅጽበት መረጡ፣
አንድ ቁጥር አወጡ።

ራንቫ እርጥብ ካልሲዋን ማሞቂያው ላይ ሰቅላ
መዝገቡን ታወርዳለች፦
ያው ቁልፍ። ያው ቁልፍ። ያው።
መጀመሪያ ዓይኔ ነው አለች።
ከዚያ ወረቀት ላይ አትማ በእስኪርብቶ አሰመረች።

ሆግኒ መረብ ጠጋኙ፣ ነፋስ ያደረቀው የበግ ሥጋ በቢላ እየላገ፣
«ወንድማማች አይደሉ? ቢመሳሰሉስ?» አላት።
«አንዱን የሰበረ ሌባ ሁሉን ይከፍታል።
ምሥጢር ማለት እኮ ጎረቤት የማያውቀው ነው።»
«እንግዲያው በዚህች ደሴት ምሥጢር የለም»
ብሎ አንድ ቁራጭ አቀበላት።

ባለሙያዎቹ የመጀመሪያውን ቁጥር ዘር ይሉታል፤
ቁልፉ ሁሉ ከሱ ይበቅላል።
ዘራቸው አንድ ሆኖ እንዴት ይለያዩ?
ዘር ቆጥሮ መኩራት ለሣጥን አይበጃት፤
ዘሯን ያወቀ ቀን ጠላት ነው የሚፈጃት።

ራንቫ ፍለጋ ገባች።
የፋብሪካ ቁጥሯን? ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ያለፈ ሁሉ ያነበዋል።
ሰዓቷን? አብረው ነው የነቁት።
የባሕሩን ሙቀት? ለሁሉም ስድስት ዲግሪ፤ ባሕር አያዳላም።
የዓሣውን ትርምስ? ዓሣ ሌሊት ይተኛል፤
ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች።

ዘፈቀደ፦ ቃሉን ብትፈቱት
ውስጡ ፈቃድ አለ።
ማሽን ግን ያዘዙትን እንጂ
ያሻውን መች አለ?

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰሌዳው ጥግ፣
ምንም ያልታሰረባት አንዲት እግር አገኘች፣
ነዳፊው የረሳት።
አዳመጠቻት።
አየር ላይ ተንጠልጥላ ትንቀጠቀጣለች፦
የሞተሩ ሹክሹክታ፣ የገዛ ሙቀቷ፣
ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የቮልት ሽርፍራፊ።
ብቻዋን አታስተማምንም።

ከዚያ ማኅደሯን አየች፣ ኃይል ገና ሲገባ፣
ማንም ምንም ሳይጽፍባት፦
አንዱ ክፍል ወደ ዜሮ፣ አንዱ ወደ አንድ አጋድሎ፣
ሲቀረጽ የቀረ ጉድፍ በየቤቱ ተከትሎ።
አብዛኛው ልማደኛ ነው፣ ሁልጊዜ ወዳንድ ወገን ይወድቃል።
ጥቂቱ ግን፣ ሚዛን አፍ ላይ ያለው፣
ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ፤
ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ዕድሜ ልኳን ሁከት ስታጠፋ የኖረች ሴት
ሁከት ለቃሚ ሆነች።
ፋብሪካው ያፈረበትን ጉድለት ጠብታ በጠብታ አጠራቀመች፣
ፈጨች፣ ቀላቀለች፣ ደግማ ፈጨች፣
በመጨረሻም በያንዳንዷ ላይ ጻፈችባት፦
በቂ ሳትሰሚ አፍሽን አትክፈቺ።

በማግስቱ ማታ ሁሉንም አጥፍታ አበራች።
«ድሮ ወዲያው ነበር የሚነሡት፤ አዘገየሻቸው»
አለ ሆግኒ። አልመለሰችለትም፣ ትቆጥራለች።
አንዷ በዘጠኝ ሰከንድ፣ አንዷ በአሥራ አራት፣
ሁለት አብረው፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ መንጋ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሳይሆኑ ነቁ።

የመጨረሻዋ ብቻ፣ በሰሜን በኩል ከቋጥኙ ሥር ያለችው፣
አልተናገረችም።
ደቂቃ ሞላ። ሁለት።
የሰማችው አልበቃትም ይሆናል።
ራንቫ በጀልባ ሄዳ ልታያት ቦቲዋን አጠለቀች፣
ግማሽ መንገድ ላይ፣ በሩ ዘንድ፣ ቆመች።
ዋሽታ ከምትናገር
ዝም ብላ ትደር።